መስኮቱ ጠቆረ ማለት ቴሌቪዥኑ ሞተ ማለት አይደለም



በዚህ ገጽ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርትና ስለ ሥራ መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ቴሌቪዥን ልጽፍ ነው። «ደግሞ ስለ ቴሌቪዥን ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሆኖም የምነግራችሁ ጉዳይ አንዲት እናት ከጡረታ አበላቸው እየቀነሱ በየወሩ የሚከፍሉት ዕዳ ያለበት ነውና እስከ መጨረሻው ታነቡልኝ ዘንድ እጠይቃለሁ።

እኚህ እናት የሰፈሬ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባን ካለፈ ቆይቷል፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለፈው ዓመት በክረምቱ ወራት፣ መብረቅና ዝናብ በበዛበት ሳምንት፣ መብራት ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም እያለ ይመለስ ነበር። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ ቴሌቪዥናቸውን ለመክፈት ሪሞቱን ቢጫኑ መስኮቱ እንደጠቆረ ቀረ። ከሥሩ ያለችው ቀይ መብራት በርታለች፤ ነገር ግን ሥዕልም ድምፅም የለም። ደጋግመው ተጫኑ፤ የሪሞቱን ድንጋይ ለወጡ፤ ምንም የተለየ ነገር አልመጣም። እሑድ ዕለት የልጅ ልጃቸው፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ከማስታወቂያ ወረቀት ላይ ቁጥር አይታ ደወለችላቸውና ማክሰኞ ቴክናይ መጣ።

ቴክናዩ ሪሞቱን ተጫነ፤ ከበስተጀርባ ጎንበስ ብሎ አየ፤ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው «ሉዋሑ ተቃጥሏል፣ ማሠራቱ አያዋጣም» ብሎ ፈረደ። ልጅቷ ተረጎመች። ለመምጣቱ 350 ሸቀል ተቀበለ። ሐሽቦኒት አልሰጠም፤ የአንድ ሻጭ ስልክ ቁጥር ግን ጽፎ ሰጣቸው። በማግሥቱ በዚያው ስልክ፣ በዚያችው የአሥራ ሁለት ዓመት አስተርጓሚ አማካይነት፣ ባለ 55 ኢንች አዲስ ቴሌቪዥን በ36 ታሽሉሚም ተገዛ። ዕቃውን ያመጡት ሰዎች አሮጌውን አንሥተው ለመውሰድ ሌላ 150 ሸቀል ጠየቁ። እናታችን በዚህ ጊዜ «እንግዲህስ በቃኝ» ብለው እምቢ አሉ፤ አሮጌው ቴሌቪዥን ወደ ማሕሳን ገባ።

ከስድስት ወር በኋላ ማሕሳናቸውን ሳጸዳላቸው ያንን ቴሌቪዥን አየሁና ከመጣሌ በፊት እስኪ ልሞክረው ብዬ ሰካሁት። በራ። ሥዕሉም ድምፁም እንደ ድሮው ነው።

«እማማ፣ ይኸ እኮ ደህና ነው» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ቀብሬው የመጣሁት ሰው በር አንኳኳ እያልኸኝ ነው?» አሉኝ።

ሳቅን። ኋላ ግን ሁለታችንም ዝም አልን፤ ገና 30 ክፍያ ይቀራቸው ነበርና።

እንዴት ሊሠራ ቻለ? የዛሬው ቴሌቪዥን፣ «ስማርት» የሚባለው፣ ቴሌቪዥን ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ኮምፒዩተር ነው። በሪሞት ስታጠፉት ያንቀላፋል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። ቀይዋ መብራት የምትነግረን ይህንኑ ነው፤ ተኝቷል፣ ሲጠሩት ይነሣል። ኮምፒዩተር ደግሞ አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ መብራት ሄድ መለስ ሲል፣ በመሐል ይደነዝዛል፤ አይሞትም፣ አይነቃምም። መድኃኒቱ ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። የእናታችን ቴሌቪዥን በማሕሳን ውስጥ ስድስት ወር ሙሉ ያገኘው ሕክምና ይኸው ነበር፤ አምስት ደቂቃ ይበቃው ነበር። ቴክናዩ ሆን ብሎ አታለላቸው ብዬ አልፈርድም፤ ተሳስቶም ይሆናል። ገመዱን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልነቀለም፤ ይህን ልጅቷን ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። በእኛ ቤቶች ቴሌቪዥን ሲጠቁር ገንዘባችን የሚጠፋው በዕቃው ብልሽት ብቻ አይደለም፤ ሳንጠይቅ በመቅረታችን ነው። ሳንጠይቅ የምንቀረውም ስለማናውቅ ብቻ ሳይሆን ስለምናፍር ነው። ቴክናይ ሲመጣ ቡና እናፈላለን፤ ከጎኑ ቆመን ያለውን ሁሉ «ቤሴዴር» እንላለን፤ ከፍለን እንሸኘዋለን። ሐኪም ሲናገር ቤሴዴር፣ የባንክ ጸሐፊ ሲናገር ቤሴዴር ማለት የለመድን ሰዎች ስለሆንን ቴሌቪዥን ጠጋኙንም እንደዚያው እናስተናግደዋለን። እንግዳ ማክበር መልካም ባህላችን ነው፤ አልነቅፈውም። ቡናውንም አፍሉለት። ነገር ግን «የተቃጠለው የቱ ነው? እስኪ አሳየኝ። ገመዱን ነቅለህ ሞክረኸዋል?» ብሎ መጠየቅ ስድብ አይደለም።

ከ1991 በኋላ በካራቫን ሰፈር የኖራችሁ ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ቴሌቪዥን ማለት ሆዱ የገፋ፣ ለሁለት ሰው ሸክም የሆነ ሣጥን ነበር። ሥዕሉ ሲጠፋ ጎኑን በጥፊ እንለው ነበር፤ ሥዕሉም ይመለስ ነበር። ይህ እንዲያው አጉል እምነት አልነበረም፤ ውስጡ የላላ ብየዳ ካለ ሲነቃነቅ ይገናኛል። በእኛ ካራቫን የመምታት ሥልጣን የነበረው አባቴ ብቻ ነበር። የዛሬውን ስስ መስኮት በጥፊ ብትሉት ግን ይሰነጠቃል። በምት የተሰነጠቀ መስኮት በአሕራዩት አይሸፈንም፤ ማስለወጫውም ከአዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ እጃችሁን ሰብስቡ።

መስኮቱ ሲጠቁር ወደ ስልክ ከመሮጥ በፊት ወደ ዕቃው ሂዱ። በመጀመሪያ ትንሿን መብራት ፈልጉ። በአብዛኛው ቀይ ናት፤ በአንዳንዱ ነጭ ናት፤ እንድትጠፋ ተደርጋ የተስተካከለችም ትኖራለች። መብራቷ ድሮ ትታይ ከነበረና አሁን ከሌለች ኤሌክትሪክ ላይደርሰው ይችላልና እዚያው ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩ። ብዙ ዕቃ የሚሰካበት ማከፋፈያ ካለ እሱን ትታችሁ ቴሌቪዥኑን በቀጥታ ከግድግዳው ሰኩት። በቤቱ የመብራት ሣጥን ውስጥ ወደ ታች የወደቀ ማብሪያ እንዳለም ተመልከቱ። በብዙ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ገመዱ ከጀርባቸው የሚነቀል ነው፤ ቤት ሲጠረግ ተነካክቶ ላልቶ ይገኛል፤ ገፋ አድርጉት።

እዚህ ላይ የራሴን ኀፍረት ልናገር። አንድ ሰሞን የእኔው ቴሌቪዥን ጠፋ። መብራትም የለው። ማከፋፈያ ገዛሁ፣ ጎረቤት ጠራሁ፣ የመብራቱን ሣጥን ከፍቼ ዘጋሁ። በመጨረሻ ባለቤቴ መጥታ ከሶፋው ጀርባ ጎንበስ አለችና «ይህ ምንድን ነው?» አለች። ለፕላታው የምንጠቀምበት ሸዖን ሻባት በቴሌቪዥኑ ሶኬት ላይ ተሰክቷል፤ ሰዓቱ ሲደርስ መብራቱን ቆርጦታል። ማን እንደሰካው አልጠየቅሁም፤ ወንዱ ልጄ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚወደው የእግር ኳስ ጨዋታ እንደነበረ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ በሰንበት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ሁሉ መጀመሪያ እሱን ይመርምር።

መብራቷ ካለች ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሌላውን ብትረሱ እንኳ ይህን አትርሱብኝ። በብዙ ቤት ሁለት ሪሞት አለ፤ አንዱ የቴሌቪዥኑ፣ አንዱ የሜሚሩ። የቴሌቪዥኑን ሪሞት አንሡና የቤት ሥዕል ያለባትን፣ ወይም የጥርስ መዘውር የምትመስል ሥዕል ያለባትን ቁልፍ ተጫኑ። በመስኮቱ ላይ ዝርዝር ወይም ጽሑፍ ከወጣ መስኮቱ ጤነኛ ነው። ጽሑፉ በዕብራይስጥ ይሁን በእንግሊዝኛ ማንበብ አያስፈልግም፤ መታየቱ ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ «መስኮቱ ሞቷል፣ አዲስ ግዙ» የሚል ሰው ቢመጣ የመጣበትን በር አሳዩት።

ዝርዝሩ እየታየ ፕሮግራሙ ከሌለ ችግሩ ወደ ቴሌቪዥኑ በሚገባው ነገር ላይ ነው። ቴሌቪዥን ብዙ በር ያለው ቤት ነው፤ ሜሚሩ በአንድ በር ይገባል፣ የልጆች መጫወቻ በሌላው፣ ኢንተርኔት በሌላው። ልጆች ተጫውተው ሲነሡ በሩን ወደ ራሳቸው አዙረው ይሄዳሉ፤ እኛ ደግሞ ባዶ በር ላይ ቆመን ሥዕል እንጠብቃለን። በሪሞቱ ላይ «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የምትባለውን፣ ወደ ሣጥን የሚገባ ቀስት ያለባትን ቁልፍ እየተጫናችሁ በሮቹን አንድ በአንድ ሞክሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ሰከንድ ታገሡ። ካልመጣ ከሜሚሩ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደውን ገመድ፣ ኤችዲኤምአይ የሚባለውን፣ ከሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ መልሳችሁ አጥብቃችሁ ሰኩት፤ ወይም ወደ ሌላ ቀዳዳ አዛውሩት። ሜሚሩንም ከመብራት ነቅላችሁ መልሱት። ይህ ሁሉ ካልረዳ መጠራት ያለበት የሜሚሩ ድርጅት ነው፤ ሜሚሩ የእነሱ ንብረት ከሆነ መለወጡም የእነሱ ጉዳይ ነውና ውላችሁን እዩ።

ዝርዝሩም ካልወጣ፣ ድምፅም ከሌለ፣ ያንን የማሕሳን ሕክምና ስጡት። ገመዱን ከግድግዳ ንቀሉ። ገመዱ እንደተነቀለ በቴሌቪዥኑ አካል ላይ ያለችውን የመክፈቻ ቁልፍ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ ይህች ቁልፍ ብዙ ጊዜ ከመስኮቱ ሥር መሐል ላይ ወይም ከጀርባ በቀኝ በኩል ተደብቃ ትገኛለች፤ በጣታችሁ ፈልጉ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ጠብቁና መልሳችሁ ሰኩት። በሪሞቱ ሳይሆን በዚያችው ቁልፍ ክፈቱት። በዚህ ከተከፈተና በሪሞቱ እምቢ ካለ፣ በሽተኛው ሪሞቱ ነው። ሪሞትን መመርመር ደግሞ ቀላል ነው፤ የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱና የሪሞቱን ግንባር ወደ ካሜራው አዙራችሁ ቁልፍ ተጫኑ። ለዓይናችን የማይታየው ጨረር በካሜራው ውስጥ እንደ ትንሽ መብራት ብልጭ ሲል ታያላችሁ። በአንዳንድ ስልክ የጀርባው ካሜራ ይህን ጨረር ስለሚከለክል በፊት ለፊቱ ካሜራ ሞክሩ። በድምፅ የሚታዘዙት አዳዲስ ሪሞቶች በከፊል በሌላ መንገድ ስለሚሠሩ ብልጭታ ባይታይባቸው ወዲያው አትፍረዱባቸው።

ድምፅ እያለ ሥዕል ከሌለ ነገሩ ሌላ ነው። በመጀመሪያ ሥዕሉን ዘግቶ ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ማስተካከያ በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ እንዳለ እወቁ፤ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው የተሠራ ነው፤ ሌላ ቁልፍ ሲነካ ሥዕሉ ይመለሳል። ካልተመለሰ የክፍሉን መብራት አጥፉና የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ወደ መስኮቱ አስጠግታችሁ በአግድም አብሩበት። በደብዛዛው ሰዎች ሲንቀሳቀሱ፣ ጽሑፍ ሲያልፍ ከታያችሁ ሥዕሉ አለ ማለት ነው፤ የሞተው ከመስኮቱ በስተጀርባ ሆኖ የሚያበራለት መብራት ነው። ይህ መብራት ኤልኢዲ የሚባሉ ጥቃቅን አምፖሎች በሰንጥር ላይ ተደርድረው የተሠራ ነው። በብዙዎቹ ላይ አምፖሎቹ እንደ ዶቃ በአንድ ክር ስለተሰኩ አንዷ ስትቃጠል ሌሎቹም አብረው ይጨልማሉ። ይህ የሚጠገን ብልሽት ነው። በተለይ ቴሌቪዥኑ ትልቅ ከሆነ ሰንጥሩን ማስለወጥ አዲስ ከመግዛት የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው። ቴክናዩን ስትጠሩ «በባትሪ ሳበራበት ሥዕሉ ይታያል» በሉት። ይህን የምትል እናት በቀላሉ አትታለልም። (እንደ መስተዋት ጥቁር የሆኑት ኦሌድ የሚባሉት ውድ ቴሌቪዥኖች ከበስተጀርባ መብራት ስለሌላቸው የባትሪው ሙከራ ለእነሱ አይሆንም።)

ማድረግ የሌለባችሁንም ልንገራችሁ። የቴሌቪዥኑን ጀርባ አትክፈቱ። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ቢሆን ውስጡ ብዙ መቶ ቮልት ይዘው የሚቆዩ ዕቃዎች አሉ፤ ሰው ይጎዳሉ። በመስኮቱ ላይ የመጥረጊያ ፈሳሽ በቀጥታ አትርጩ፤ ወደ ታች ወርዶ ወደ ሉዋሑ ይገባል። በመስኮቱ ላይ በመቶኛ እየቆጠረ የሚሄድ መሥመር ካያችሁ ቴሌቪዥኑ ራሱን እያደሰ ነውና ገመዱን አትንቀሉ። «ሁሉን አጥፍተህ እንደ አዲስ ጀምር» የሚለውን ትእዛዝ ደግሞ የመጨረሻ አድርጉት፤ የምሥጢር ቃሎቻችሁን ሁሉ ያጠፋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የልጆቻችሁን ስልክ ስታንኳኩ ትውላላችሁ።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ቴሌቪዥን ዛሬ ርካሽ ነው፣ አዲስ ግዛ» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ደመወዝ ለሚያገባ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። ከቢቱዋሕ ሌኡሚ በሚገኝ አበል ለሚኖር አዛውንት ግን ወር በመጣ ቁጥር የሚነጠቅ ገንዘብ ነው። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር፤ «ከማን አንሼ» የሚባለው ነገር በእኛ ሳሎን ግድግዳ ላይ ኢንቹን እያሳደገው ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልለፍ፤ እናታችንን በጣም የጎዳቸው ይህን አለማወቃቸው ነበርና። የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ከ1981 ጀምሮ ያለ ነው። በእሱ መሠረት በ2006 በወጣው ደንብ ከ400 ሸቀል በላይ ዋጋ ያለው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቢያንስ የአንድ ዓመት አሕራዩት አለው። ስለዚህ ዓመት ያልሞላው ቴሌቪዥን ከጠቆረ ለማንም የማስታወቂያ ወረቀት ቴክናይ ከመክፈላችሁ በፊት በአሕራዩት ወረቀቱ ላይ ወዳለው ቁጥር ደውሉ።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በአጠቃላይ በ14 ቀን ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ዕድሜው 65 የሞላ ሰው፣ አካል ጉዳተኛ፣ እንዲሁም የዖሌ ምስክር ወረቀት ከተቀበለ አምስት ዓመት ያልሞላው አዲስ ገቢ ግን፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተፈጸመ ከሆነ፣ ለመሰረዝ አራት ወር ጊዜ አለው። ያለ ብልሽት ሐሳብ በመለወጥ ብቻ ሲሰረዝ ሻጩ የሚያስቀረው የመሰረዣ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ አነስተኛው ነው። ዕቃው ሳይጎዳ መያዝ አለበት። ስረዛውንም በጽሑፍ አድርጉት፤ የላካችሁትንም ቅጂ አስቀምጡ። እናታችን ከሰባ በላይ ናቸው፤ የገዙትም በስልክ ተነጋግረው ነው። መብቱ በእጃቸው ነበር። እኔ ማሕሳኑን የከፈትሁት በስድስተኛው ወር ነው።

የ150 ሸቀሉም ነገር እንዲሁ ነው። በ2012 በወጣው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሕግ መሠረት አዲስ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ተመሳሳይ የሆነውን አሮጌ ዕቃ ያለ ክፍያ መውሰድ አለበት። እናታችን ሕጉን ሳያውቁ በንዴት እምቢ በማለታቸው ትክክል ሠሩ፤ ለዚያ ንዴት እግዚአብሔር ይመስገን፤ ባይናደዱ ኖሮ ደህናው ቴሌቪዥን ከፍለውበት ይሄድ ነበር።

የሜሚርና የኢንተርኔት ድርጅት ቴክናይን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። ከቀጠሮው ሰዓት ከሁለት ሰዓት በላይ ከዘገየ ሕጉ 300 ሸቀል፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ከሆነ 600 ሸቀል ካሣ ይፈቅዳል። ቀጠሮው በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት እንዲላክላችሁ ጠይቁ፤ ያለ ማስረጃ ክርክር አይሆንም። ሻጩ ወይም ጠጋኙ እምቢ ካለ ለሸማቾች ጥበቃና ለትክክለኛ ንግድ ባለሥልጣን ማመልከት፣ ወይም ያለ ጠበቃ ወደ አነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ለዚህ ሁሉ ወረቀት ያስፈልጋል። ሐሽቦኒት ያልሰጠ ቴክናይ አልመጣም እንደማለት ነው፤ እናታችን ያንን ሰው ዛሬ መክሰስ ቢፈልጉ በእጃቸው ያለው ማስረጃ የጠጣበት ስኒ ብቻ ነው።

«ቴሌቪዥን የሥራ ፈት ነገር ነው» ለሚሉም አንድ ቃል አለኝ። ጦርነቱ በጥቅምት 2023 ሲጀመር፣ ኋላም በሰኔ 2025 ከኢራን ሚሳይል ሲወረወር፣ ስማርት ስልክ ለማይዙ ሽማግሌዎቻችን የት ሰፈር ማስጠንቀቂያ እንዳለ ያሳይ የነበረው ያ መስኮት ነው። በዚያን ጊዜ የጠቆረ ቴሌቪዥን የመዝናኛ ጉዳይ አልነበረም። (ለማንኛውም በድንጋይ የምትሠራ አንዲት ራዲዮ በቤት ትኑር፤ ቃን ሬካ በአማርኛም ያሰማል።)

ወደ ልጆቻችን ልምጣ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሦስት ዓመት ዕዳ ውል በስልክ መተርጎም አልነበረባትም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የሰማችውን ቃል በትክክል አስተላልፋለች። ጥፋቱ የእኛ የታላላቆቿ ነው፤ ልጅ ዕብራይስጥ ስለቻለች ነገሩንም ታውቃለች ብለን እናስባለን። ሻጩም ቢሆን ገዢዋ የሚለውን እንዳልሰሙ እያወቀ በልጅ አፍ ውል መዝጋቱ ያሳፍራል። ለጎልማሶቹ ልጆች ደግሞ የምለው አለኝ፤ ወላጆቻችሁ ቤት ስትመጡ ሪሞቱን ከእጃቸው ነጥቃችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ «ይኸው ሠራ» ብላችሁ አትሂዱ። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ጨለማ ውስጥ ትተዋቸው መሄዳችሁ ነው። ሪሞቱን በእጃቸው አስይዟቸው፤ የሚያስፈልጉትን ሦስት አራት ቁልፎች በቀለም ምልክት አድርጉባቸው፤ ይሳሳቱ፣ ደግመው ይሞክሩ።

በየሰፈሩ ማትናስ አለ፤ በብዙዎቹም የእኛ ሜጋሽሪም ይሠራሉ። አንድ ምሽት ለዚህ ይሰጥ እላለሁ። ንግግር አያስፈልግም፤ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ አንድ ሜሚርና ሁለት ሪሞት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ገመድ ሆን ተብሎ ይላላና እናቶችና አባቶች ራሳቸው ይፈልጉት። በእኛ ሰፈር ይህን ለማድረግ አስበናል፤ ባትሪውን እኔ አመጣለሁ።

እናታችን አሁን ከቴሌቪዥናቸው ጎን በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ለጥፈዋል። መብራት፣ ዝርዝር፣ በር፣ ገመድ፣ ባትሪ የሚል ነው። ከግርጌው በራሳቸው ቃል አንድ መሥመር አስጨምረውኛል፤ «ሐሽቦኒት ካልሰጠ ቡና የለም» ይላል። አሮጌው ቴሌቪዥን በልጃቸው ቤት የልጅ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ ይሠራል። የአዲሱ ቴሌቪዥን ክፍያ ገና 22 ወር ይቀረዋል።